የጥለቱ ሰማያዊ ከጓሯችን ቢበቅልስ?

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሸማ ተራ። ነጠላው ታጥፎ ተደርድሯል። የሚታየው ጥለቱ ብቻ ነው። ሰማያዊ ጥለት ያለውን አንስቼ ሻጯን በጥያቄ አደርቃታለሁ። ማጉ የማን ፈትል ነው? የሰፈር እናቶች። ማን ሠራው? ሸማኔው እዚሁ ከተማው ዳር ነው። ሰማያዊው ክርስ?

«እሱማ የመርካቶ ነዋ፣ ወንድምዓለም! ሰማያዊ እዚህ ይበቅላል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሰማያዊ እኮ ይበቅላል። ኢንዲጎ የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ፣ ያው የጂንስ ሱሪው ቀለም፣ ለሺህ ዓመታት ሲወጣ የኖረው ከቅጠል ነው። የፋብሪካ ቀለም ወንዝ ማበላሸቱ ሰውን ማሳሰብ ከጀመረ ወዲህ የቅጠሉ ቀለም ተመልሶ ተፈላጊ ሆኗል። እኛም ጋ «ለምን አንተክለውም?» የሚል ወሬ እዚህም እዚያም ይሰማል።

ሐሳቡን አልጠላሁትም። የምፈራው አጀማመሩን ነው። እኛ አዲስ ነገር ስንጀምር ከማሳ ነው የምንነሳው። ችግኝ፣ ሄክታር፣ ክላስተር፣ ዘመቻ። ገዢው ከምርቱ በኋላ ይታሰባል። ኢንዲጎ በዚህ መንገድ ከመጣ ገበሬውን ያከስራል ባይ ነኝ። መነሻው ሸማኔው እግሩን የሚዘረጋበት ጉድጓድ መሆን አለበት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ተክሉንም፣ በርሜሉንም፣ ታሪኩንም ትንሽ ማየት ያስፈልጋል።

ተክሉ

ኢንዲጎ የሚወጣው ከአንድ ተክል ብቻ አይደለም። ጃፓኖች የራሳቸው ቅጠል አላቸው። የድሮ አውሮፓውያን የጎመን ዘመድ ከሆነ ተክል ያወጡት ነበር። ለሞቃት አገር ዋናው ግን ኢንዲጎፌራ የሚባለው ወገን ነው። የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ከ700 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ደህና ቀለም የሚሰጡት ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ኢንዲጎፌራ አሬክታ ነው። የአፍሪካ ተወላጅ ነው፣ ኢትዮጵያም ውስጥ በዱር ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ናታል ወደ ጃቫ ተወሰደ። እዚያ ከቆየው ዝርያ የተሻለ ቀለም ስለሰጠ ኋላ ህንድም ገባ። የእኛው አህጉር ቁጥቋጦ ባሕር ተሻግሮ ስም አወጣ። እኛ ክሩን ከመርካቶ እንገዛለን።

ተክሉ ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ ጮቄ ሥር ያለ ሰው ባያስበው ይሻላል። ደብረ ማርቆስም ብርዱ ያዘገየዋል። የዓባይ በረሃ ዳር ያለው ቆላ ይስማማዋል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የባሕር ዳር ዙሪያም መሞከር የሚገባው ቦታ ነው። ውርጭ ከሌለ መርዓዊ አካባቢ፣ 7,000 ሄክታር ያለማል የተባለው የቆጋ መስኖ ዳርም እንዲሁ።

የዘሩ ልጣጭ ደንዳና ነው። እንደ ግራር ዘር ሙቅ ውሃ ውስጥ ካላደረ ወይም በአሸዋ ካልታሸ አንዱ ሲበቅል አንዱ ይቀራል። ከተዘራ በሦስት በአራት ወር፣ አበባ ሊያወጣ ሲል ይታጨዳል። ቅጠሉ በቀለም የሚሞላው ያኔ ነው። አብቦ ዘር ከያዘ በኋላ ቀለሙ ይቀንሳል። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ተትቶ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ውሃ ካለ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታጨዳል። እዚህ ላይ ግን የእኛ ልቅ ግጦሽ አለ። መኸር ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ አቆጥቋጩን ማን ይጠብቀዋል? አጥር የሌለው ሰው ሁለተኛውን አጨዳ ባይቆጥረው ይሻለዋል።

ጥሩ ጎኑ ሥሩ ነው። እንደ ባቄላ ሁሉ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል። ቀለሙ የወጣለት ቅጠልም ተመልሶ ኮምፖስት ይሆናል። ማዳበሪያ ለማግኘት ገበሬው ስንት ቀን እንደሚሰለፍ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ቅጠሉ ቀለሙን የሚሰጠው ትኩሱን ነው። ጠዋት ታጭዶ በዚያው ቀን ውሃ ውስጥ ካልገባ ቀለሙ እየተበላሸ ይሄዳል። ይህች ትንሽ ነገር የንግዱን መልክ ትወስናለች። ገበሬው ቅጠል ጭኖ ከቡሬ ባሕር ዳር ሊሸጥ አይችልም። በርሜሉ ከማሳው አጠገብ መሆን አለበት። ስለዚህ ኢንዲጎ የሚተክል ሰው ቀለም ማውጣትም ሊችል ግድ ነው።

በርሜሉ

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ቅጠሉ ከነቀንበጡ በርሜል ውስጥ ይጨመራል። ውሃ ይሸፍነዋል፤ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጫነዋል። ሞቅ ባለ አገር ሌሊቱን ያድራል፤ ብርድ ካለ ሁለት ቀንም ሊፈጅ ይችላል። ውሃው ቢጫ ቀመስ አረንጓዴ ሲሆን፣ ላዩም ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ሲያወጣ ደርሷል ማለት ነው። ቶሎ ካወጡት ቀለሙ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ካቆዩት ይበላሻል። ጥንስስ የለመደች ሴት ይሄን ዓይነቱን ሰዓት በአፍንጫዋ ትለየዋለች። ስለዚህ ይህን ሥራ ጎጃም ውስጥ ማን ቶሎ ይለምደዋል ብትሉኝ፣ ጠላ ጠማቂዎች እላለሁ። ስለ ሽታው ግን አታንሱብኝ። ጎረቤት ያጣላል።

የሚገርመው፣ ቅጠሉ ውስጥ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። ያለው ኢንዲካን ነው፤ ከስኳር ጋር የተሳሰረ፣ ቀለም የሌለው ነገር። ውሃ ውስጥ ሲያድር ከስኳሩ ይላቀቃል። ከዚያ አየር ሲያገኝ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመርና ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ አየር ማብላት ነው። ቅጠሉ ይወጣል፤ ውሃው ላይ ኖራ ይጨመራል፤ ከዚያ በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ። ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው፣ ግን ለረጅም ጊዜ። ክንድ ይዝላል። አረፋው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል፣ በመጨረሻ ይከስማል። ያኔ ይተዋል። ሰማያዊው እንደ አተላ ይዘቅጣል። ላይ ያለው ውሃ ቀስ ተብሎ ይደፋል፤ የቀረው በጨርቅ ተጠልሎ ይደርቃል።

ኖራ ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎጃም ውስጥ ኖራ ሲባል ብዙ ገበሬ የሚያስበው አሲዳማ አፈር ላይ የሚበተነውን ነው። እሱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚያስፈልገው ተቃጥሎ ከዚያ በውሃ የበረደው፣ ግድግዳ የሚቀባው ዓይነት ነው። እጅ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንት ማድረግ የግድ ነው፤ ልጆችም እንዳይጠጉ።

ዱር ያገኛችሁት ቁጥቋጦ ቀለም ይኑረው አይኑረው ማወቅ ብትፈልጉም በርሜል አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ትኩስ ቅጠል ብልቃጥ ውስጥ ሞቅ ባለ ውሃ ይደር። ውሃውን ብቻ ቀንሳችሁ ቅንጣት ኖራ ጨምሩና ክዳኑን ገጥማችሁ ናጡት። አረፋው ሰማያዊ ካላሳየ ቁጥቋጦውን ለፍየል ተዉላት። ኧረ ቆይ፣ ለፍየልም አይሁን፤ ከወገኑ ለከብት መርዝ የሆኑ አሉበት።

ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚወጣው ደረቅ ቀለም ኪሎ አይሞላም። ጥቂት መቶ ግራም ነው። ይሄን ሲሰማ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አለ። እኔ ግን የገባኝ እዚህ ላይ ነው። 300 ግራም አገኘን እንበል። እንደሚፈለገው ድምቀት ከሦስት እስከ ስድስት ኪሎ ክር ይነክራል። ለጂንስ ፋብሪካ ይሄ ቀልድ ነው። ለጥለት ግን ብዙ ነው። ነጠላው ነጭ ነው፤ ቀለም የሚገባው ዳሩ ብቻ ነው። የአንድ ነጠላ ጥለት የሚበላው ክር እፍኝ አይሞላም። የአንድ ጓሮ ቅጠል የብዙ ነጠላ ጥለት ይሸፍናል። የሸማችን አሠራር ራሱ ትንሽ ቀለም ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሌላም ጥቅም አለው። የደረቀ ኢንዲጎ አይበሰብስም፤ ዓመታት ይቆያል። ቲማቲምና ሽንኩርት አምርቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያ ሲያወጣ የከሰረ ሰው ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የህንዶቹ ዕዳና የአዊ ዛፍ

ታዲያ ለምን በስፋት አንተክለውም? ታሪኩን እንይ።

በእንግሊዞች ዘመን የቤንጋል ገበሬ ሩዝ በሚዘራበት መሬት ላይ ኢንዲጎ እንዲዘራ ይገደድ ነበር። ቀብድ ይሰጠዋል፤ ቀብዱ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1859 ገበሬው አንዘራም ብሎ ተነሳ። ቢሃር ውስጥ ቻምፓራን በሚባለው አገር ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነበር። ጭሰኛው ከእያንዳንዱ 20 እጅ መሬት ሦስቱን ለኢንዲጎ መስጠት ነበረበት። ጋንዲ ህንድ ውስጥ የመጀመሪያውን ትልቅ ትግል የጀመረው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1917።

በዚያን ጊዜ ደግሞ የቅጠሉ ገበያ ቀድሞ ተመትቶ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1880 ኢንዲጎን በቤተ ሙከራ ሠራው። ባስፍ የሚባለው ኩባንያ በ1897 ለገበያ አወጣው። በዚያ ዓመት ከተክል የሚመረተው ወደ 19,000 ቶን ነበር ይባላል። በ1914 ወደ 1,000 ቶን ወረደ። በአሥራ ሰባት ዓመት! ዛሬ የዓለም ጂንስ የሚነከረው በፋብሪካው ነው፤ በዓመት በአሥር ሺዎች ቶን። የፋብሪካውና የቅጠሉ ሰማያዊ ደግሞ ያው አንድ ነገር ነው። ዓይን አይለያቸውም። የፋብሪካው ከነዳጅ ዘይት ስለሚሠራ በካርቦን ምርመራ ይለያል እንጂ፣ ገበያ መሐል ቆሞ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በዋጋ መወዳደር የማይታሰብ ነው። የቅጠል ቀለም የሚሸጠው በእምነት ነው። ገዢው ማን ተከለው፣ ማን ነከረው፣ ማን ሠራው የሚለውን አምኖ ነው የሚከፍለው። ይሄን ማሳየት የሚቻለው ደግሞ ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን ነው።

ሩቅ ሳንሄድ አዊን እንይ። ፋግታ ለኮማና አካባቢው ገበሬው ጤፉን እየተወ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። ማንም አላስገደደውም። ከሰል አክስሎ አዲስ አበባ ልኮ ብዙው ቤት ሠራ፣ ልጅ አስተማረ። እኔ ይሄን አልነቅፍም። ግን ተራራው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆነ። ከዚያ የዋግ በሽታ ገባና ችግኙን ይጨርሰው ጀመር። አንድ ተክል፣ አንድ ገበያ፣ አንድ በሽታ። ኢንዲጎ ከዚህም ይብሳል፤ ከሰል ቢያንስ አዲስ አበባ የታወቀ ገዢ ነበረው።

ብዙ የጎጃም ገበሬ ያለው መሬት አንድ ሄክታር አይሞላም። ከዚያ ላይ ጤፍ ወይም በቆሎ ተነስቶ ኢንዲጎ ይዘራ የሚለኝን ሰው አልሰማውም። የአጥር ጥግ፣ የማሳ ድንበር፣ የጓሮ ጫፍ ይበቃዋል። የሚፈለገው ብዛቱም ከዚያ አይበልጥም። ደግሞ የገዢውንም ብዛት አናጋንን። ለዚህ ተጨማሪ የሚከፍለው የአገር ልብስ ነዳፊው፣ ውጭ ያለው ወገንና ቱሪስቱ ነው። ቱሪስቱ ደግሞ አገር ሰላም ሲሆን ነው የሚመጣው።

«ይለቃል ወይ?»

አንድ የማውቃቸው አዛውንት ሸማኔ አሉ። ይሄን ሁሉ አነብንቤ ስጨርስ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ይለቃል ወይ?»

እኔ ስለ ህንድ ሳወራ ሰውየው የሚያስቡት ስለ ነጩ ነው። ጥለቱ ከነጭ ጋር ተያይዞ የሚኖር ነገር ነው። አንድ ጊዜ ታጥቦ ሰማያዊው ወደ ነጩ ከዘለቀ ነጠላው ሞተ፤ የሸማኔውም ስም አብሮ ሞተ። የመርካቶው ክር የሚሸጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አይለቅም ተብሎ ስለሚታመን ነው። ድሮም የውጭ ባለቀለም ጨርቅ ተገዝቶ፣ ክሩ ተመዝዞ ለጥለት ይውል የነበረው ወዶ አይደለም።

«አያ፣ አይለቅም» አልኳቸው። አፌ ቀደመ። በስጦታ ያገኘሁት ጥቂት ደረቅ ኢንዲጎ ነበረኝና ቤቴ ልሞክረው ተነሳሁ።

ደረቅ ኢንዲጎ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። እንዲሟሟ አየሩን መንጠቅ ያስፈልጋል። የታወቀው ልኬት አንድ እጅ ኢንዲጎ፣ ሁለት እጅ የበረደ ኖራ፣ ሦስት እጅ የፍራፍሬ ስኳር ነው። የሱቅ ስኳር አይሠራም። ማር ይሠራል። ግን የጎጃም ማር በርሜል ውስጥ መድፋት ለእኔ ኃጢአት ሆኖ ታየኝ። ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ቀቅዬ ውሃውን ወሰድኩ። ሲደርስ ሰማያዊው ይጠፋና ውሃው ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል። ክሩ ገብቶ ሲወጣ አረንጓዴ ነው። ከዚያ አየር ሲነካው ዓይንህ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን ሲያዩት ልጅ ያደርጋል። ሌላው ጥሩ ነገር፣ አብዛኛው የቅጠል ቀለም ጥጥ ላይ ለመያዝ ሌላ ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ኢንዲጎ አይፈልግም። እርድ ቢነክሩበት ያምራል ግን ፀሐይ ይበላዋል። ኢንዲጎ ታጥቦም ይቆያል። በትክክል ከተነከረ።

እኔ በትክክል አልነከርኩም። ፈትሉን ከልቃቂቱ ፈትቼ እንዳለ ከተትኩት። ይደምቅ ብዬ ደግሞ አንዴ ብቻ፣ ለረጅም ሰዓት። አያ ከነጭ ክር ጋር ገምደው በሳሙና አሹትና አሳዩኝ። ነጩ ሰማያዊ ሆኗል። ምንም አላሉም። አለማለታቸው ባሰብኝ።

ስህተቱ ሁለት ነበር። የእጅ ፈትል ጥጥ ሰም አለው። ሰሙ ካልወጣ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይገባም። ለዚህ በአመድ ውሃ ወይም በሳሙና ደህና አድርጎ መቀቀል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ድምቀት የሚመጣው በቆይታ ሳይሆን በድግግሞሽ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ ማውጣት፣ አየር ማስመታት፣ ደግሞ መንከር። በመጨረሻ ውሃው ጥርት እስኪል ማጠብ። ይሄን የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳር አይጠፋም። ከተማዋ ከ1953 ዓ.ም ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም ለጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። የቀለምን ጽናት ለክቶ ለሸማኔው በወረቀት የሚሰጥ ሰው ከተገኘ፣ ከአንድ ሺህ ችግኝ ይሻላል።

እንዲህ ስል ሸማኔው ዕድለኛ ነው ማለቴ አይደለም። ሙያው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ነው፤ አፄ ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ከውጭ በማሽን ታትሞ የሚመጣው የሐበሻ ልብስ ዋጋውን ሰብሮበታል። በዋጋ አይችለውም። ማሽኑ የሌለው አንድ ነገር ግን እሱ ሊኖረው ይችላል። የዚህኛው ጥለት ሰማያዊ ከእገሊት ጓሮ ነው ብሎ መናገር። ይህም የሚሆነው ቀለሙ የማይለቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ክር በአመድ ውሃ ቀቅዬ፣ ዘጠኝ ጊዜ ነክሬ ወሰድኩላቸው። አያ ከነጩ ጋር ገምደው ለባለቤታቸው ሰጡ። በየሳምንቱ ከልብስ ጋር አብሮ ይታጠባል፤ ከዚያ በር ላይ ከምስማር ይንጠለጠላል። ስሄድ ሰላምታውን ትቼ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እስካሁን ነጩ ነጭ ነው።

«ገና ነው» ይላሉ አያ፣ ከጉድጓዳቸው ቀና ሳይሉ። «ክረምቱ ይውጣና እናያለን።»